«ልጅ ውሃ» ያለችኝ ሴት

ይህን ጉዳይ ለባሌም አሟልቼ ነግሬው አላውቅም። የነገርኩት «በስብሰባችን ቀን አንዲት ልጅ ሞተች» ብዬ ብቻ ነው። እሱም «ኢናሊላሂ» አለ፤ እኔም በዚያው ተውኩት። ዛሬ ለማላውቃችሁ ሰዎች ሙሉውን ልናገር የተነሳሁት ለምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም። ምናልባት መንገድ ላይ ስንተላለፍ ስለማትለዩኝ ይሆናል። የሆነ ሆኖ ከጀመርኩ አይቀር እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰዓዳ ነው። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው አቦቦ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ነኝ። «ሥርዓተ ፆታን ያገናዘበ በጀት» የሚባለው አሠራር ወደ እኛ ሲመጣ ተጠሪዋ አንቺ ነሽ ተባልኩ። ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው፦ መንግሥት ገንዘብ ሲመድብ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ውሃውም ለሴትና ለወንድ እኩል ይደርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱን የሚያውቁት ደግሞ ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ሕዝብ ይሰበሰባል፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ደንብ ከተሰብሳቢው ግማሹ ሴት መሆን አለበት። ግማሽ ካልሞላ ውይይቱ እንዳልተካሄደ ይቆጠርና ቅጹ ይመለሳል።

ሥራዬን እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ችግሬ አመሌ ነው። የያዝኩት ነገር ካልሞላ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌሎች ባለሙያዎች ሴት አጥተው ቅጽ ሲመለስባቸው የእኔ አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም ነበር። ዘዴዬ ቀላል ነው። ሴቶቹ ወደ ስብሰባው ካልመጡ እኔ ወዳሉበት እሄዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የት እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ውሃ መንገድ ላይ። እዚያ ቆሜ እየለመንኩም፣ እየተቆጣሁም፣ እየቀለድኩም አመጣቸዋለሁ። ሾፌራችን ጋሽ ታዬ «ሰዓዳ መረቧን ይዛ ወጣች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

የካቲት ውስጥ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለች አንዲት የአኝዋክ ቀበሌ በጠዋት ወጣን፤ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ኃላፊያችንና አብረውት ያሉት እንግዶች በሌላ መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብሏል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ኦሞድ ከትልቁ ማንጎ ሥር ወንበር ደርድሮ ጠበቀን። ኦሞድ ደግ ሰው ነው፤ ለሥራው የሚሮጥ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጨነቅ። ወንዶቹ ወንበሩን ሞልተውታል። ሴቶቹን ብቆጥር ስድስት ናቸው፤ እነሱም ጫፍ ላይ መሬት ተቀምጠዋል።

«ኦሞድ፣ ሴቶች የታሉ?» አልኩት።

«ውሃ ሄደ፣ እህቴ። ፓምፕ ተበላሸ፣ ዝናብ ካቆመ ጀምሮ አይሠራም። ሁሉም ወንዝ ሄደ።»

«ታዲያ እንሂድና እናምጣቸዋ» አልኩ። ፓምፑ መበላሸቱን ሰምቼ በማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፤ ለውይይቱ ጥሩ ነጥብ ነው ብዬ ደስ ሁሉ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ደስ ነው ያለኝ።

ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን አገኘናቸው። ጀሪካን በእጃቸው፣ ሳፋ በራሳቸው ይዘው በአንድ ላይ ይወርዳሉ። በአንድ ላይ የሚወርዱበትን ምክንያት ያኔ አላሰብኩትም፤ ወሬ ለማውራት ይመስለኝ ነበር። ከፊት የነበረችው ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት፤ ስሟ አሪየት። አጠገቧ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጇ እያወዛወዘች ትሄዳለች። ልጅቷ አኬሎ ትባላለች። አየችኝና የለበስኩትን ሂጃብ በጣቷ እያሳየች ለእናቷ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁላት።

«ስብሰባው የእናንተ ነው» አልኳቸው፤ ኦሞድ ይተረጉማል። «ስለ ሴቶች ነው። የናንተ ድምፅ ከሌለ ገንዘቡን ወንዶች ብቻ ይካፈሉታል። ፓምፑ እንዲሠራ አትፈልጉም?»

አሪየት ለኦሞድ ረጋ ብላ አንድ ነገር ነገረችው። «እሱ መጀመሪያ ውሃ ይቀዳል፣ ከዚያ ይመጣል ይላል» አለኝ። ኦሞድ ሲቸኩል ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚለው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። እኔ ግን ከአኝዋክ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተምሬ፣ አብሬ ዋኝቼ፣ አብሬ ማንጎ ለቅሜ ስለ ውሃና ስለ ምግብ ከሚባሉ ሁለት ሦስት ቃላት በቀር ቋንቋቸውን አላውቅም ነበር። እነሱ የኔን ያውቃሉ፤ እኔ የነሱን ለማወቅ ያስገደደኝ ነገር አልነበረም።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አልኩ። «ንገራት፣ አንድ ሰዓት ብቻ። እንግዶቹ እየደረሱ ነው። ቀድተው ሲመለሱ ያልፋል።»

አሪየት ወንዙን አየች፤ ፀሐይዋን አየች። ከዚያ ጀሪካኗን አዙራ ተከተለችኝ፤ ሌሎቹም እሷን አይተው ተከተሉ። አሥራ ስድስት ሴት ይዤ ስመለስ ጋሽ ታዬ መኪናው ውስጥ ሆኖ በእጁ መረብ ሲወረውር አሳየኝ።

ገና እንደተቀመጡ የስም መዝገቡን አዞርኩ። ልምዴ ነው፤ መጀመሪያ ካላስፈረምኳቸው መሀል ላይ ይሄዱብኛል። አሪየት ሌባ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነክራ ስሟ አጠገብ ተጫነች፤ ከዚያ ጣቷን በቅጠል ጠረገች። አኬሎ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ እንግዶቹ አልመጡም። ሦስት ተኩል ሆነ። ደወልኩ፤ ጎማ ፈንድቶባቸው እየቀየሩ ነው ተባለ። አንዷ ሴት ልትነሳ ስትል «እባክሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ አስቀመጥኳት። ለሌላዋም እንዲሁ። ወንዶቹ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዱ ተኝቷል። ሴቶቹ መንገዱን ያያሉ። እንግዶቹ የደረሱት አራት ሰዓት አልፎ ነው። ከመኪናቸው የታሸገ ውሃ በካርቶን ወረደ፤ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩት። ኃላፊያችን ይቅርታ ጠይቆ የመክፈቻ ንግግሩን ጀመረ። ንግግሩ ስለ ሴቶች እኩልነት ነበር፤ ረጅም ነበር። ኦሞድ አጠገቡ ቆሞ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ይተረጉማል።

ንግግሩ መሀል ላይ አሪየት ድንገት ዙሪያዋን ቃኘች። እግሯ ሥር ልጅቷ የለችም። ቢጫው ጀሪካንም የለም። እኔ ይሄን ያስተዋልኩት በኋላ ሳስበው ነው፤ ያኔ ያየሁት አንዲት ሴት በኃላፊያችን ንግግር ላይ ብድግ ስትል ብቻ ነው። ሰው ዞሮ አያት። ጎንበስ ብዬ ሄድኩና «ምነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ኦሞድን አየች፤ ኦሞድ እየተረጎመ ነው። ከዚያ እኔን አየችኝና፣ እንዲገባኝ ብላ፣ ያላትን አማርኛ ፈልጋ አመጣች።

«ውሃ» አለችኝ።

«እሺ፣ እሺ» አልኩና ከጠረጴዛው ላይ አንድ የታሸገ ውሃ አምጥቼ ሰጠኋት።

አልተቀበለችኝም። ራሷን ነቀነቀች። እጄን ያዘችኝ። «ልጅ» አለች። «ልጅ ውሃ።»

ለልጇም ፈልጋ ነው አልኩ በሆዴ። ወላሂ፣ እንዲያውም አዘንኩላት፤ ልጇን የማትረሳ እናት አልኩ። ተመልሼ ሁለተኛ ውሃ አመጣሁና ሁለቱንም እጇ ላይ አስያዝኳት፤ ትከሻዋን ይዤም ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳት። «ቆይ፣ አሁን ያልቃል» አልኳት። ተቀመጠች። የመንግሥት ሰው ነኝ፤ የጣቷን አሻራ ወስጃለሁ፤ ትልቅ ሰው እየተናገረ ነው። ተቀመጠች።

ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ብዙ ጊዜ በሐሳቤ ልለካው ሞክሬያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ደቂቃ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን አሥር። ብቻ ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱ ውሃዎች መሬት ላይ ናቸው፤ እሷ መንገዱ ላይ ትሮጣለች። ምን እንደተሰማኝ አልደብቃችሁም። ተናደድኩ። ቁጥሬን አጎደለችብኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ጣቷ መዝገቡ ላይ እንዳለ አስታውሼ ተረጋጋሁ።

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከወንዙ በኩል አንድ ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ አከታትሎ። ኦሞድ አረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ጥሎት ሮጠ። ሴቶቹ በሙሉ ተነሱ፤ ወንዶቹ ተነሱ፤ ወንበሩ ተገለባበጠ። እኔም ሮጥኩ፤ ጫማዬ አሸዋው ውስጥ ቀርቶብኝ በባዶ እግሬ ደረስኩ።

አሪየት እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገብታለች፤ ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ ይጎትቷታል። ቢጫው ጀሪካን ወንዙ መሀል ላይ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሌላ ምንም አይታይም። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር።

«አዞ ነው» አለኝ ጋሽ ታዬ ከኋላዬ መጥቶ። እንዳልወድቅ ክንዴን ያዘኝ።

ወንዶቹ በታንኳ ወጡ። ጦርም፣ ረጅም እንጨትም ይዘው ወንዙን እስከ ማታ ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች አሰሱት። እኛ ዳር ላይ ተቀመጥን። ኃላፊያችን ትንሽ ቆሞ ስብሰባው መተላለፉን ነግሮን ሄደ። እኔ አልሄድኩም፤ ጋሽ ታዬም አልሄደም። እዚያ ተቀምጠን ነው አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ከማዶ ተሻግሮ የመጣው። ከማዶ ሆኖ ያየውን ለኦሞድ ነገረው። ኦሞድ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ ስለምነው መሬት መሬት እያየ ነገረኝ።

«ልጅቷ ብዙ ቆመ ይላል። ውሃ ጋ አልገባም። ሴቶች እዚህ አብሮ ነው የሚቀዳ፤ አንዱ ይቆማል፣ ውሃውን ያያል፣ ሌላው ይቀዳል። አዞ እንዳይመጣ። ልጅቷ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቆሞ ሴቶችን ጠበቀ። መንገዱን እያየ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። ማንም አልመጣም።»

ሴቶቹ እኔ ጋ ነበሩ። አንድም ሳይቀሩ እኔ ጋ ነበሩ፤ ስም በስም፣ ጣት በጣት።

ያን ጊዜ ነው «ልጅ ውሃ» የገባኝ። ኦሞድን «እናትየዋ ስትነሳ ምን ልትለኝ ፈልጋ ነው?» ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኔ ቋንቋ ባትነግረኝ ኖሮ፣ በራሷ ቋንቋ ብትጮህ ኖሮ፣ ሃያ ሰው ይሰማት ነበር። ለእኔ ብላ በአማርኛ ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ውሃ ሰጠኋት።

አኬሎን በማግስቱ ጠዋት ከታች በኩል አገኟት። ስለዚያ አልናገርም።

ቢሮ ስመለስ ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን ሊረዳኝ ብሎ፣ «ውይይቱ ተጀምሮ ስለነበር እንደተካሄደ ይያዛል፤ ሴቶቹም ሞልተዋል» አለኝ። መዝገቡን ከፈትኩት። የአሪየት ጣት እዚያው አለ፤ ቀለሙ ትንሽ ወደ ጎን ፈሷል። መዝገቡን ዘግቼ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባሁና እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ያስወጡኛል ብዬ ነበር፤ የሚያስወጣኝ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። አሪየት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ሴቶቹ አሉ። ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና የማውቀውን ሁሉ ረሳሁ። በመጨረሻ ለኦሞድ «ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ንገራት» አልኩት። ነገራት።

አሪየት አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች፤ ኦሞድ እየተከታተለ ተረጎመልኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅቷና እሷ ብቻ እንደነበሩ፣ አኬሎ እናቷ ስብሰባ ላይ ስትቆይባት ልታግዛት ብላ እንደሄደች ተናገረች። ቀጥላም ይህን አለች፦

«ስለ ሴቶች ነው ስላልሽኝ ነው የመጣሁት። እስኪጠይቁን እየጠበቅሁ፣ ብጠየቅ የምለውን በሆዴ ይዤ ነበር። ስለ ፓምፑ አልነበረም፤ ስለ እሱ ብዙ ጊዜ ተናግረናል። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሴቶችን በጠዋት አትጥሩ ልል ነበር። ጠዋት ውሃ ነው።»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ በሥርዓተ ፆታ ሥልጠና ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ፣ ስንት ቅጽ እንደሞላሁ ራሴም አላውቀውም። ሴቶች ጊዜ እንደሌላቸው ተምሬያለሁ፤ በቦርድ ላይም አስተምሬያለሁ። ግን ከኛ ከባለሙያዎቹ አንድም ሰው፣ እኔም ሴት ሆኜ፣ «ስንት ሰዓት ይመቻችኋል?» ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ሰዓቱን የምንመርጠው ፀሐይዋ ሳትበረታብን፣ መኪናው ለምሳ ከተማ እንዲደርስ ነው። ልክ ነው፣ አዞውን እኔ አልላክሁትም። ጋሽ ታዬም፣ ኢማማችንም ይሄን ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። ትከሻዋን ይዤ ያስቀመጥኳት ግን በእኔ በዚህ እጅ ነው፤ ይሄን ከእጄ ላይ የሚያነሳልኝ ሰው አላገኘሁም።

ፓምፑ በወሩ ተሠራ። የጎደለው አንድ ብረትና አንድ ጎማ ነበር፤ ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሲመረቅ ጥሪ ደረሰኝ፤ አልሄድኩም። እኔ ደግሞ ውሃ መንገድ ላይ መቆሜን ተውኩ። ሴት ባይሞላ ቅጹ ይመለሳል፤ ሲመለስ «ለምን አልሞላም?» የሚለው ቦታ ላይ ምክንያቱን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ ውሃ፣ እንጨት፣ የታመመ ልጅ። ኃላፊያችን መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን እሱም ያን ቀን እዚያ ነበርና ዝም ብሎ መፈረም ጀመረ። ዘንድሮ የቀበሌ ውይይቶች ሴቶቹ በመረጡት ሰዓት ይሁኑ ተብሎ ደንባችን ላይ ተጻፈ። በአርባ ዓመቴ አኝዋክኛ መማር ጀምሬያለሁ፤ ኦሞድ ነው የሚያስተምረኝ። «እሱ»ና «እሷ» ሲምታታበት ማረሙን ግን ተውኩት፤ እኔ በሱ ቋንቋ ከዚያ የባሰ እሳሳታለሁ።

ሥራችሁ ሰው መሰብሰብ የሆነ እናንተ፣ ለቀበሌም ይሁን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ሴቶችን የምትጠሩ፣ ከቻላችሁ ከመጥራታችሁ በፊት ያችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ። የተነሳችውን ሴት ደግሞ አታስቀምጧት። ወዴት እንደምትሄድ ባይገባችሁም ትሂድ።

የዘንድሮው ውይይት እዚያችው ቀበሌ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት። ሴቶቹ ሳይጠሩ መጡ፤ ከወንዶቹ በለጡ። ብዙ ተናገሩ። አሪየትም መጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ ግን እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴቶቹ ሁሉ እየተጠራሩ፣ እየተጣደፉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ወንበር ስሰበስብ እሷ እዚያው ተቀምጣለች። ሄድኩና በተሰባበረው አኝዋክኛዬ «እየመሸ ነው፣ አትሄጂም?» አልኳት።

አየችኝ። እንዲገባኝ ብላ ቃሉን ቀስ እያደረገች በራሷ ቋንቋ መለሰችልኝ፤

«የሚቸኩሉት ልጅ ያላቸው ናቸው።»

ያለ አስተርጓሚ የገባኝ የመጀመሪያው ሙሉ አረፍተ ነገር ይሄ ነው።